ውኃ ሲበዛ ሥር ይታፈናል፤ ማፋሰሻው የጋራ ይሁን

ውኃ የሕይወት መሠረት መሆኑን የማያውቅ ገበሬ የለም። ይሁን እንጂ ይኸው ሕይወት ሰጪ ውኃ በጥቁር አፈር ማሳ ላይ ሲተኛ አዝመራውን የሚጎዳው ለምን እንደሆነ ለማወቅ የውኃን ጠባይ በቅርብ መመልከት ያስፈልጋል።

አንደኛው የውኃ ጠባይ ብዙ ነገር የሚያሟሟ መሆኑ ነው። በአፈር ውስጥ ያለው ምግብም ሆነ በማሳ ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ በውኃ ካልሟሟ በቀር ሥር ሊወስደው አይችልም። ሁለተኛው፣ የውኃ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተያይዘው የሚሳሳቡ መሆናቸው ነው። ቅጠል በፀሐይ ሙቀት ውኃ ሲያተን፣ ከበታቹ ያለው ውኃ እንደ ገመድ እየተሳበ በአገዳው ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ ላይ ይወጣል። ተክል ከሚስበው ውኃ ከመቶ 95 እጅ በላይ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ተንኖ ይሄዳል፤ ቅጠሉንም ከሐሩር ያቀዘቅዘዋል።

ሦስተኛው ጠባይ ግን ለጥቁር አፈር ገበሬ ጠንቅ ነው። ሥር እንደ እንስሳ ይተነፍሳል፤ የሚተነፍሰውም በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር ነው። ኦክሲጅን በውኃ ውስጥ የሚሠራጨው በአየር ውስጥ ከሚሠራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ሁኔታ ነው። በመሆኑም ማሳው ውኃ ሲቋጥር ሥሩ ይታፈናል፤ በአፈር ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳትም ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝነት ለውጠው ያባክኑታል። ስንዴው ቢጫ እየሆነ የሚቀጭጨው በዚህ የተነሣ ነው።

ይህን በመፍራት ብዙ ገበሬ ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቆ ሽምብራና ጓያ በቀሪው እርጥበት ይዘራል። ዋናው የዝናብ ወራት ግን መሬቱ ባዶ ሆኖ፣ አፈሩም እየታጠበ ያልፋል።

መፍትሔው ከገበሬው እጅ የራቀ አይደለም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ከቤተሰቦቻቸው ጋር አፈሩን በእጅ እየከመሩ ሰፋፊ መደብና ቦይ መሥራታቸው የታወቀ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠርተዋል። መሣሪያው 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ያወጣል።

የመሪዎች ተግባር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ሄክታር ላይ ሲወርድ 10,000 ሊትር ውኃ ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር ሲጥል 300,000 ሊትር ይሆናል። አንዱ ገበሬ ከማሳው ያስወጣው ይህ ውኃ መሄጃ ካልተበጀለት ከታች ባለው ጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል፤ ቦረቦር ይቆፍራል፤ ጠብም ያስነሣል። እያንዳንዱ የራሱን ፈሰስ ለብቻው ቢያወጣ ችግሩን ወደ ጎረቤቱ ማዛወር ብቻ ነው።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ከአገር ሽማግሌዎችና ከባለ ማሳዎቹ ጋር ዳገቱን ከላይ እስከ ታች በእግር ተመልክተው የጋራ ማፋሰሻውን መስመር በስምምነት ሊያስምሩ ይገባል። ማፋሰሻው ቁልቁል የሚሮጥ ሳይሆን በለዘብታ የሚወርድ፣ ዳርና ዳሩም ሣር የለበሰ ይሁን። መጨረሻው ላይ ኩሬ ቢቆፈር ውኃው ለበጋ ከብት ማጠጫ ይሆናል፤ ከላም ወተት ውስጥ ከመቶ 87 እጅ ያህሉ ውኃ በመሆኑ፣ ውኃ ያጣች ላም ወተቷ መቀነሱ አይቀርም።

የውኃን ጠባይ የተረዳ ማኅበር ክረምቱን በሥጋት ሳይሆን በዝግጅት ይቀበላል።