ከወገዳ የመጣው ልጅ ስለ ምን ዝም ይላል?

እናቶች፣ ለትምህርት ብሎ ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ በቤታችሁ አለ? «አያወራም፣ ሰው ያፍራል፣ በትምህርቱም ደካማ ነው» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ያደገበትን አገር ለአፍታ አስቡት።

ወገዳ በደቡብ ጎንደር የስማዳ ወረዳ ከተማ ናት። ወረዳው ወደ ዓባይና በሽሎ ወንዞች የሚወርድ፣ ድርቅ የሚደጋገምበት አገር ነው። በእንዲህ ያለው ገጠር የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ከብት ይጠብቃል። እኅቱ ውሃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ታዝላለች። ትምህርት ቤት የሚሄዱት ከዚህ ሥራ በተረፈው ሰዓት፣ ረዥም መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ነው።

ታዲያ ይህ ልጅ ከሰው ጋር መኖርን አልተማረም ማለት ይቻላልን? በፍጹም! በግጦሽ መስክ ተራ መጠበቅን፣ የጓደኛን ከብት መመለስን፣ ተጣልቶ መታረቅን ተምሯል። በገና ጨዋታ ቡድን መርቷል፤ በቡሄ ሆያ ሆዬ አውጥቷል፤ ማታ እሳት ዳር እንቆቅልሽ ፈትቷል። ያልለመደው ነገር ቢኖር በአዋቂ ፊት ሐሳቡን መግለጥን ነው። በባህላችን በታላላቆች ፊት ዝም የሚል ልጅ ጨዋ ይባላል። ክፍል ውስጥ ግን ያው ዝምታው እንደ ድንቁርና ይቆጠርበታል። በቤት በተመረቀበት ጠባይ በትምህርት ቤት ሲገሠጽ ግራ የሚጋባው ሕፃኑ ነው።

የሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዕድሜ ልጅ «እችላለሁ» ማለትን ወይም ራሱን ዝቅ አድርጎ ማየትን የሚለምድበት ጊዜ ነው። ሥራው የታየለት ልጅ ይበረታል፤ ዘወትር የሚነቀፈው ግን ተስፋ ይቆርጣል።

በዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የአገራችን ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ስለሆነም ከታናናሾቹ ጋር አንድ ክፍል የሚቀመጥ ልጅ ብታዩ ስንፍና ነው አትበሉ። ኮሽታ ሲሰማ የሚደነግጥ፣ ሌሊት የሚባንን፣ መኝታው ላይ የሚሸና ቢሆንም ዱላ አያድነውም። የሚያስፈልገው የተረጋጋ ቤትና የሚያዳምጠው ሰው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ በስሙ እንጥራው፤ «ፋራ»፣ «ገጠሬ» የሚለው ቃል ከቤታችን ይውጣ። ልጆቻችንም በአነጋገሩ እንዳይሥቁበት እንምከራቸው።

ሁለተኛ፣ የሚያውቀውን እንጠይቀው። ስለ ከብት፣ ስለ አዝመራ፣ ስለ አገሩ ተረት ሲያወጋ ዝምታው እንዴት እንደሚፈታ ታያላችሁ። መምህሩም በጥቂት ልጆች መካከል አስቀድመው ቢያናግሩት በኋላ በክፍሉ ሁሉ ፊት ለመናገር ይደፍራል።

ሦስተኛ፣ ለእኛ ልጅ የተፈቀደው የጥናትና የጨዋታ ሰዓት ለእርሱም ይፈቀድ። ሊማር መጥቶ የቤት ሠራተኛ አይሁን። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጽ ጨዋታን የሕፃን ሁሉ መብት ያደርገዋል።

በመጨረሻም የእናቱን ድምፅ አዘውትሮ በስልክ እንዲሰማ እናድርግ። ናፍቆትን መግለጥ ነውር አለመሆኑን ይወቅ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። የገጠሩ ልጅ ግን ከብት ጠብቆ፣ ውሃ ቀድቶ፣ እንጨት ለቅሞ የቤቱ ራት እንዲደርስ ሲረዳ ያደገ ነው። ይህን ያህል የቻለ ልጅ በእኛ ቤት «አልችልም» ማለትን እንዳይማር፣ እናቶች፣ እናስብበት።