ጉዳቱ ነው ወይስ ፖለቲካው? ቡና፣ ሺሻና ጫት በሕግ ፊት



ከፒያሳ ኑር (በኒ) መስጊድ ሰግዶ የወጣ ሰው አካባቢውን ጥቂት ቢዞር ቢራ በይፋ ሲሸጥ ያያል። ሲጋራ ከሱቅ ይገዛል፤ ጫትም በፌስታል ተይዞ ይሄዳል። ሺሻ ብቻ ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ ፖሊስ ካገኘው ዕቃውን ሰብስቦ ይወስዳል። አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ከሰዓት ከክፍል መጥፋት የጀመረ አንድ ተማሪዬን ስመክረው «ቲቸር፣ ጫት የሚጎዳ ቢሆን መንግሥት ዝም ይለው ነበር?» አለኝ። የረባ መልስ አልሰጠሁትም።

የልጁ ሐሳብ «የተከለከለ ሁሉ ይጎዳል፣ ያልተከለከለ አይጎዳም» የሚል ነው። ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1511 የመካ ሹም የነበረው ኸይር ቤግ ሰዎች በሌሊት ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ አይቶ ቡናን አገደ። ዑለማና ሐኪሞችም ሰብስቦ አስፈረደበት። ከካይሮ የመጣው የሱልጣኑ መልስ ግን ስብሰባውን እንጂ መጠጡን አልከለከለም። በእኛም አገር እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ብዙ የደጋ ክርስቲያኖች ቡናን «የእስላም መጠጥ» ብለው ይርቁት ነበር። ዛሬ ፒያሳ ቶሞካ ቆሞ የሚጠጣውን ሰው ሃይማኖቱን የሚጠይቀው የለም። ቡናው ያው ቡና ነው።

ወደ ዛሬው ሕግ እንምጣ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለአልኮልና ለሲጋራ የ21 ዓመት የዕድሜ ገደብ አስቀምጧል፤ ማስታወቂያቸውንም አጥብቧል። ሽያጩ ግን ቀጥሏል። ሺሻን ከልክሏል። የሺሻ ጭስ መርዝ ነው፣ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይጨመርበታል፤ መከልከሉ አላስከፋኝም። የሚያስገርመኝ ሌላው ነው። መንግሥት ለዓመታት የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ዋና ባለቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 40 በመቶውን ለጃፓን ትምባሆ በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2017 ደግሞ ወደ 31 በመቶ የሚጠጋውን በ434 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። አልኮልንም እንይ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም 2.6 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። መለኪያው ጉዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅደም ተከተሉ ይህ አይሆንም ነበር። ፋብሪካና ትልቅ ግብር ያለው ነገር ገደብ ይበጅለታል፤ ባለቤት የሌለው ይከለከላል።

ጫት ደግሞ ድንበር ሲሻገር ስሙ ይለወጣል። እዚህ ገበሬ የሚያመርተው፣ የኤክሳይዝ ታክስ የሚከፈልበትና የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣ ሰብል ነው። የመን ውስጥ ይሸጣል፣ ጎረቤቷ ሳዑዲ ውስጥ ያሳስራል፤ ሁለቱም የሙስሊም አገሮች ናቸው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ንጥረ ነገር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ቅጠሉ ራሱ በቁጥጥር ሥር እንዲገባ አልመከረም።

በብሪታንያ የሆነው ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የባለሙያዎች ምክር ቤት ማስረጃውን መርምሮ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ጫት እንዳይታገድ መከረ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ግን አገዱት፤ ከሰኔ 2014 ጀምሮም ወንጀል ሆነ። ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ኔዘርላንድ ስላገደችው ብሪታንያ የሕገወጥ ማስተላለፊያ እንዳትሆን የሚል ነበር። ይህ የጎረቤት ጉዳይ እንጂ የጤና ጉዳይ አይደለም። ሆኖም እውነቱን ሁሉ መናገር ያስፈልጋል፦ እገዳውን አጥብቀው ከጠየቁት መካከል በዚያው የሚኖሩ ሶማሌዎች ነበሩበት። ቤታቸው የፈረሰው እነሱ ናቸውና የምክር ቤቱ ወረቀት አላጽናናቸውም።

የእኛ ዑለማ ጥያቄውን ከሹሞች ለይተው ነው ያዩት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መካ የነበሩት የሻፊዒይ መዝሀብ ዓሊም ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ ስለ ጫት ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፈዋል። የቀማሾቹ ምስክርነት ስለተለያየባቸው ሐራም ብለው በቁርጥ ከመፍረድ ተቆጠቡ፤ መራቅን ግን መከሩ። የጠየቁት «ማን ይቅመዋል?» ወይም «ስንት ግብር ያስገባል?» ብለው አይደለም፤ አእምሮንና አካልን ምን ያደርጋል ብለው ነው። በወሎ ሐድራ ላይ የሚቀርበውን ጫትና የሥራ ሰዓት የሚበላውን በርጫ በአንድ ዓይን ማየት ይቻል እንደሆነ በመካከላችን ክርክሩ አላበቃም፤ የመንግሥት ዝምታ ግን ለየትኛውም ወገን ደሊል አይሆንም።

ያ ተማሪ ዛሬ ቢጠይቀኝ ስለ አዋጅ አላወራውም። ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምሳ ይበላ እንደሆነ፣ ዐስር በሰዓቱ ይሰግድ እንደሆነ፣ ለአንድ ዙርባ የሚያወጣው ብር ከየት እንደሚመጣ እጠይቀው ነበር። ያኔ አልጠየቅኩትም፤ ለዓመቱ ማጠቃለያ ፈተናም አልመጣም።