ዝገት የዋጠው ድምፅ፦ አሮጌ የግቢ ስፒከሮችን ስለማደስ

በዚህ ዲፓርትመንት ካለነው ተማሪዎች መካከል ማይክራፎን ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጥነው በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ የሆነ ጥቂቶች አይደለንም። ድምፃችንን ለተሰለፈው ተማሪ ያደርስ የነበረው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ፊቱ እንደ ወንፊት በተበሳሳ ላሜራ የተሸፈነው ረጅም ሳጥን ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ስፒከር ዝም ሲል «አርጅቷል» ይባልና ዕቃ ግምጃ ቤት ይወረወራል። አዲስ እስኪገዛም ክበቡ አብሮት ዝም ይላል። ነገር ግን ዝም ያለ ስፒከር ሁሉ የሞተ አይደለም።

ውስጡ ምን አለ?

የዛሬው ስፒከር መሠረታዊ አሠራር ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የጀነራል ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1925 ካስተዋወቁት ብዙም አልራቀም። ማግኔት መሃል የተቀመጠ ጥቅልል ሽቦ ከአምፕሊፋየር ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል። ከሽቦው ጋር የተጣበቀው የወረቀት ኮን ደግሞ አየሩን ይገፋል፤ ድምፅ የምንለው ይኸው ነው። ላሜራው ኮኑን ከኳስና ከድንጋይ ይከላከላል፣ በቀዳዳዎቹም ድምፁን ያሳልፋል።

መጀመሪያ ምርመራ

አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ ሶኬቱን ንቀሉ። በረጅም መስመር የሚሠሩ ስፒከሮች እስከ 100 ቮልት ስለሚደርሳቸው ይህ ቀልድ አይደለም። ቀጥሎ ብሎኑን በካቻቢቴ ፈትታችሁ እያንዳንዱን ስፒከር ለየብቻው በቴስተር ለኩ። ባለ 8 ኦም ስፒከር ከ6 እስከ 7 ኦም አካባቢ ካሳየ ሽቦው ደህና ነው። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። በአንድ ሳጥን ውስጥ ያሉት ስፒከሮች በተከታታይ ከተያያዙ የአንዱ መበጠስ ሌሎቹንም ዝም ያሰኛል። ስለዚህ አንዱን መቀየር ሁሉንም ሊያስነሳ ይችላል ማለት ነው።

ኮኑን በሁለት እጅ እኩል ቀስ አድርጋችሁ ጫን ስትሉት የሚፋጭ ድምፅ ካለ ሽቦው ከቦታው ተዛንፏል ወይም ዝገት ገብቶበታል። ትንሽ ቀዳዳ በስስ ወረቀትና በጥቂት ኮላ ይደፈናል። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ትራንስፎርመር ካገኛችሁ «ትርፍ ነው» ብላችሁ አትጣሉት፤ ያለ እሱ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል።

ላሜራውን ማደስ

ላሜራውን ከሳጥኑ ነቅላችሁ ራቅ ያለ ቦታ አጽዱት። ለምን ቢባል፣ የዝገቱን ብናኝ ማግኔቱ ይስበውና ጥቅልል ሽቦውን ያፋጨዋል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ ጸረ ዝገት ቀለም ቀቡ፣ ሲደርቅ ዋናውን ቀለም ሁለት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ንፉበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በወፍራም ብሩሽ ይለቀልቅና ቀዳዳዎቹን ይደፍናቸዋል። ያን ጊዜ ቀድሞ የሚታፈነው ቀጭኑ ድምፅ ነው። «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» የሚለዩት በእሱ ስለሆነ አንባቢው ቢጮህም አድማጩ ቃሉን አይለይም። ቀለሙ ሳይደርቅ ከጀርባ በኩል አየር መንፋት ቀዳዳዎቹን ይከፍታል።

መልሶ መግጠም

አዲስ ስፒከር ከተተካ የፕላስና የማይነሱ አቅጣጫ ከሌሎቹ ጋር መግጠም አለበት። አለበለዚያ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ድምፁም ይሳሳል። ለማወቅ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ማስነካት ይበቃል። የባትሪው ፕላስ የስፒከሩን ፕላስ ሲነካ ኮኑ ወደፊት ይወጣል። ስትሰቅሉት ፊቱን ትንሽ ወደታች አዘንብሉት፤ የክረምት ዝናብ እንዳይገባበት ይረዳል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ጥቂት ቀለምና አንድ የዕረፍት ቀን ነው። በየሰፈራችን ትምህርት ቤት ይህን ብናደርግ ከእኛ በኋላ ማይክራፎን የሚጨብጠው ልጅ ድምፁ ግቢው ጥግ ድረስ ይሰማለታል።