ጥቁር ቀበቶና የቢታ ገነት ጭቃ፦ ስለ ካራቴ የሚባለውና እውነታው

በልጅነቴ በካፋዋ ቢታ ገነት እግሩን ከወገቡ በላይ ያነሳ ሁሉ "ካራቴ ይሠራል" ይባል ነበር። ኩንግ ፉ፣ ጁዶ፣ ቴኳንዶ የሚባል ልዩነት አናውቅም። ከጅማ የተመለሰ አንድ ወጣት ማለዳ ሣር ላይ ሰብስቦን "ሀና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት" እያለ ሲያስቆጥረን በጃፓንኛ የምንቆጥር ይመስለን ነበር። ለካ ኮሪያኛ ኖሯል። ሁለት ዓመት ቴኳንዶ እየሠራሁ "ካራቲስት ነኝ" ስል ከረምኩና ተውኩት።

ስንጀምር ብዙ ነበርን፤ የቀጠለ ግን አላውቅም። ለምን እንደተውን ሳስበው ከስንፍናችን ይልቅ የሰማነው ወሬ ይታየኛል። ያስገባን ተረት ነበር፤ ያስወጣንም ያው ተረት ነው። ስለዚህ የሚባለውንና እውነታውን ጎን ለጎን ላስቀምጠው።

"አንዱ ለአሥር ይበቃል"

ይህን ያስተማረን የቪዲዮ ቤት ነው። ብሩስ ሊ "ኢንተር ዘ ድራገን" ላይ አንድ ግቢ ሙሉ ሰው ሲያራግፍ አይተን በማግስቱ ለመመዝገብ ተሰለፍን። ፊልሙ ለተመልካች የቀረበው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1973 ሲሆን ብሩስ ሊ ከአንድ ወር በፊት፣ ሐምሌ 20 ቀን፣ በ32 ዓመቱ አርፎ ነበር። በፊልም ውስጥ የሚመታም የሚወድቅም ተራውን ያውቃል። ሜዳ ላይ ተራ የሚጠብቅ የለም።

አንድ ቀን አሠልጣኛችንን "ቢላ የያዘ ሰው ቢመጣ ምን እናድርግ?" አልነው። "ሩጡ" አለን። የሚቀልድ መስሎን ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ልጆች አልመጡም። ዛሬ ሳስበው በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰጠን ትምህርት ሁሉ የሚበልጠው ያ አንድ ቃል ነበር።

"እጁ ፖሊስ ጣቢያ ተመዝግቧል"

ጥቁር ቀበቶ ያለው ሰው እጁ እንደ መሣሪያ ይመዘገባል፣ ከመምታቱ በፊትም ሦስት ጊዜ ማስጠንቀቅ አለበት ሲባል ያልሰማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣው ስለ ጦር መሣሪያ ነው፤ ክርንና ጉልበት አይመዘግብም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ሲፈቅድ የሚያየው ጥቃቱ ሕገ ወጥና በደጅ ያለ መሆኑን፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ አለመቻሉን፣ መልሱም ከጥቃቱ ጋር መመጣጠኑን ነው። ከልክ ያለፈ ከሆነ አንቀጽ 79 ይከተላል። ነጭ ቀበቶም ሆነ ጥቁር፣ ሚዛኑ አንድ ነው።

"ጥቁር ቀበቶ የመጨረሻው ነው"፤ "ድሮ ቀበቶው በእድፍ ነበር የሚጠቁረው"

ሁለተኛውን በተለይ እወደዋለሁ። ነጩን ቀበቶ ሳያጥቡ ዓመታት ሲለማመዱበት ቢጫ፣ ቡኒ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል ይላል ተረቱ። በጭቃ የሚጠቁር ቢሆን ኖሮ የቢታ ገነት ልጆች በሁለት ሳምንት ጥቁር ቀበቶ በሆንን! ካፋ ዝናብ የማይጠግብ አገር ነው፤ እኛም የምንለማመደው ደጅ ነበር።

የደረጃ አሰጣጡን ያመጣው የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ ነው። ጁዶን እ.ኤ.አ. በ1882 መሠረተ፤ በዓመቱ ለሁለት ተማሪዎቹ "ዳን" የሚባለውን ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጠ። በነጭና በጥቁር መካከል ያሉት ቀለማት የተስፋፉት ዘግይተው፣ በአውሮፓ፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፓሪስ ያስተምር በነበረው ካዋይሺ አማካይነት ነው። ካራቴ ደግሞ ይህን ሥርዓት ከጁዶ ወሰደ። ጥቁር ቀበቶ የሚያስገኘው የአንደኛ ዳን ስም በጃፓንኛ "ጀማሪ ደረጃ" እንደ ማለት ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ማለት ነው እንግዲህ፤ ከዚያ በኋላ ነው ንባቡ። መጨረሻው መስሎት የሚሮጥ ልጅ ግን ስድስት ወር ለፍቶ ቢጫ ሲሰጡት ቅር ይለዋል፤ ጥቁሩን ያገኘውም "ጨረስኩ" ብሎ ይሰቅለዋል።

ስለ ቴኳንዶ ጥንታዊነትም ትንሽ ልበል። ቴኳንዶን በኮሪያ ጦርነት የተዋጋው የእኛ ቃኘው ሻለቃ ይዞት መጣ የሚል ሰው ገጥሞኛል። ቃኘው ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው፤ የተኩስ ማቆሙ ስምምነት የተፈረመው በሐምሌ 1945 ዓ.ም. ነው። "ቴኳንዶ" የሚለው ስም ግን በጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ የወጣው በሚያዝያ 1947 ዓ.ም. ነው። የመምታት ጥበቡ ሥር የቆየ ቢሆንም ስሙ ከጦርነቱ ያንሳል።

"ሴት ልጅ እግሯን ከዘረጋች ድንግልናዋ ይሄዳል"

ከመካከላችን ሁለት ልጃገረዶች ነበሩ። አንደኛዋ ስትራገጥ ከወንዶቹ ሁሉ ትበልጥ ነበር። የተወችው አልችል ብላ አይደለም። ጎረቤት ቡና ላይ ለእናቷ፣ "እትዬ፣ ልጅሽ ነገ ባል አታገኝም" አለቻት፤ ልጅቷም በማግስቱ ቀረች።

የዓለም ጤና ድርጅት ከተመድ የሰብዓዊ መብት ቢሮና ከተመድ ሴቶች ጋር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ባወጣው መግለጫ "የድንግልና ምርመራ" ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብሏል። የድንግልና ምልክት የሚባለው ስስ ቆዳ ከሴት ሴት በተፈጥሮው ይለያያል፤ መልኩን አይቶ ግንኙነት አድርጋለች ወይም አላደረገችም ብሎ መናገር አይቻልም። እግር ሲዘረጋ የሚሠራው የጭንና የዳሌ ጡንቻ ነው። ሩቅ ትምህርት ቤት በእግሯ የምትሄድ፣ እንጨትና ውኃ የምትሸከም ልጅ ላይ ያልተነሳ ስጋት ቴኳንዶ ላይ ለምን እንደሚነሳ አይገባኝም። እናቶች መጠየቅ ያለባቸው ሌላ ነው፦ የሚያሠለጥናት ማነው? የት? በሩ ክፍት ነው? ሌላ ሰው ያያል? እነዚህን መጠየቅ አያሳፍርም።

"ጎንበስ ማለቱ ስግደት ነው"

"ቻርዮት!" ሲባል ቀጥ፣ "ክዩንግኔ!" ሲባል ጎንበስ እንላለን። በዚህ ምክንያት ብቻ ከቤተ ክርስቲያን ተመክረው የተዉ ጓደኞች ነበሩኝ። በኮሪያና በጃፓን ጎንበስ ማለት ሰላምታ ነው፤ ተማሪ ለመምህሩ፣ ነጋዴ ለደንበኛው ያደርገዋል። እኛስ ለሽማግሌ እጅ እንነሳ የለ? እርግጥ አንዳንድ ቤት ለመሥራቹ ፎቶ ጎንበስ ይባላል፣ ተመስጦም ይጨመራል። ኅሊናው የማይቀበለው ሰው አሠልጣኙን አነጋግሮ ያንን መዝለል ይችላል፤ እርግጫውን መተው የለበትም።

"ጠንክሮ የሠራ ኦሎምፒክ ይሄዳል"

የትኛውን ሠርቶ? ቴኳንዶ ሁለት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው አይቲኤፍ አለ፤ በ1973 የተመሠረተው ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው አለ። ከሲድኒ 2000 ጀምሮ ሜዳልያ የሚሰጥበት የሁለተኛው ነው። በእሱ ሕግ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው፤ በአይቲኤፍ በጓንት ይፈቀዳል። አገራችንን ወክሎ ሰለሞን ደምሴ በቶኪዮ 2020 በ58 ኪሎ የተወዳደረው በወርልድ ቴኳንዶ ነው። ካራቴ ደግሞ የሜዳልያ ውድድር ሆኖ የገባው ቶኪዮ ላይ ብቻ ነው፤ ፓሪስ ላይ አልነበረም። እኛ የምንሠራው የአይቲኤፍ እንደሆነ ያወቅሁት ከተውኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ኦሎምፒክን እያለመ ለሚደክም ልጅ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት መንገር ይገባል።

"ከጀመርክ ማቆም የለብህም፤ ካቆምክ ጡንቻው ስብ ይሆናል"

ይህ ደግሞ እንዳይጀምርም እንዳይመለስም ሰውን የሚያስፈራ ነው። ጡንቻና ስብ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ወደ ሌላው አይለወጥም። የሚሆነው ቀላል ነው፦ ስታቆም ጡንቻው እየሳሳ ይሄዳል፣ የምትበላው ግን እንደ ድሮው ይቀጥላል፤ የተረፈው በስብ መልክ ይቀመጣል። ቀድሞ የሚከዳህ ትንፋሽህ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቀነሱን ታውቀዋለህ። እጅና እግር የለመዱት እንቅስቃሴ ግን እንደ ብስክሌት ነው፤ ለዓመታት ይቆያል።

"ያቋረጠ ደካማ ነው" የሚለውንም አልቀበልም። እኛ ዘንድ ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ይለቀማል፤ ልጅ ቅርጫት ይዞ ጫካ ነው። ክረምት ሜዳው ይጨቀያል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ወደ ቦንጋ፣ ወደ ሚዛን፣ ወደ ጅማ ይበተናል። በትንሽ ከተማ ክለብ ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ማለት ነው፤ ያ ሰው ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ክለቡም አብሮት ይሄዳል። የእኛም ሄደ። እኔ ግን ከዚያ በፊት ነበር የተውኩት፤ ምክንያቱም ስድስት ወር ሙሉ አንድ ፓተርን፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ስብስብ፣ ስንደግም "መቼ ነው የምንደባደበው?" የሚል ጥያቄ ሆዴን ይበላኝ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ድግግሞሽ አልነበረማ!

ያ ፓተርን ቾን ጂ ይባላል፤ ከአይቲኤፍ 24 ፓተርኖች የመጀመሪያው ነው፤ 19 እንቅስቃሴ አለው። ባለፈው ክረምት እናቴ ዘንድ ሄጄ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ግቢ ውስጥ ሞከርኩት። 19ኙም ነበሩ። ትንፋሼ ግን አሥራ ሁለተኛው ላይ አለቀ። እናንተም ያቋረጣችሁ ካላችሁ ሞክሩት፤ ሳታሟሙቁ ብቻ እንዳትራገጡ።