ባለዕጣና ተከራይ፦ የአዲስ አበባ የቤት ፖሊሲ ግማሽ ምዕተ ዓመት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውና የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967፣ በአዲስ አበባ የቤት ጉዳይ ላይ ከወጡት ሕጎች ሁሉ ከባዱን አሻራ ያሳረፈ ነው። ከደርግ በኋላ የመጡት መንግሥታት ብዙውን የዘመኑን ሕግ ሲሽሩ፣ መሬት በግል እንዳይሸጥ የከለከለውን መሠረቱን ግን እንዳለ አስቀጥለውታል። አዋጁ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፣ ትርፍ የተባለውንም ቤት ወረሰ፤ በአነስተኛ ቤቶች ለሚኖሩ ተከራዮችም ኪራዩን እስከ ግማሽ ድረስ ቀነሰላቸው። ከተወረሱት ውስጥ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌዎች እጅ ሲገቡ፣ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ተብሎ ለሚጠራው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የመጀመሪያዎቹ «የቀበሌ ቤት» እንደተባሉ የቀሩ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ፣ መጸዳጃቸውንና የውኃ ቧንቧቸውን በርካታ አባወራዎች የሚጋሯቸው፣ በአራዳ፣ በልደታ፣ በአዲስ ከተማና በቂርቆስ መንደሮች ተጠጋግተው የቆሙ ቤቶች ናቸው።

የቀበሌ ቤት ሁለት ገጽታ አለው፤ ስለ አዲስ አበባ ቤት ሲጻፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው አንደኛው ብቻ ነው። ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ባለበት በመቆየቱ ከተከራዩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጣሪያ ቆርቆሮ መለወጫ እንኳ አልበቃ አለ፤ ቀበሌው ማደስ አልቻለም፣ ተከራዩም ያለ ፈቃድ እንዳያድስ ስለተከለከለና የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ስላልደፈረ ቤቶቹ ከዓመት ዓመት እየዘመሙ ሄዱ። በሌላ በኩል ግን ይህ የዘመመ ቤት ለቀን ሠራተኛው፣ ለጉሊት ነጋዴዋና ለጡረተኛው በመሀል ከተማ፣ ሥራ በእግር በሚደረስበት ቦታ፣ ከገቢያቸው ጋር በሚመጣጠን ኪራይ የሚገኝ ብቸኛ መጠለያ ነበር። በቤቱ ውስጥ ከዋናው ተከራይ አንድ ክፍል ወይም አንድ ጥግ ተከራይተው የሚኖሩ፣ በከተማው አጠራር «ደባል» የሚባሉ ሰዎች ሲጨመሩ፣ የቀበሌ ቤት የሚያስጠልለው ሕዝብ በመዝገብ ከሰፈረው እጅግ የበዛ ነበር። ከተማዋ ለድሆቿ የሚሆን ሰፊ የኪራይ ቤት ክምችት ነበራት ማለት ነው። ከ1967 ወዲህ በተከታታይ የመጡት ፖሊሲዎች ይህን ክምችት አላሰፉትም፣ አላደሱትምም፤ በመጨረሻ ወደ ማፍረሱ አመሩ።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ መሬት በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰኑ ዓመታት በውል በሚሰጥ የመጠቀም መብት እንዲያዝ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80/1986 ተወሰነ። ሕጉ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሎ ሲወጣ ጨረታ ዋናው የቦታ ማግኛ መንገድ እየሆነ መጣ። ጨረታ ለከተማው ገቢ ያስገኛል፤ ገንዘብ የሌለውን ግን ከበሩ ይመልሳል። ቦታ በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ያልቻለው ሕዝብ በከተማው ዳርቻ በአንድ ሌሊት የሚቆሙትን «የጨረቃ ቤቶች» ሠራ፣ ወይም ግለሰቦች በግቢያቸው በሚያቆሟቸው የሰርቪስ ክፍሎች ተከራይቶ ተቀመጠ።

ዛሬ የከተማዋን መልክ የለወጠው የጋራ መኖሪያ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የተወለደው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። አርከበ ዕቁባይ ከተማዋን ያስተዳድሩ በነበረበት ወቅት፣ የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ባቀረበው ወጪ ቆጣቢ የግንባታ ዘዴ በመታገዝ በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ የሙከራ ግንባታ ተጀመረ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ባለቤቶች መብታቸውና ግዴታቸው ምን እንደሆነ ደንግጎ ነበር። ሙከራው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በሚል ስም ወደ አገር አቀፍ ዕቅድ ሲያድግ የተያዘው ግብ በአምስት ዓመት 400 ሺህ ቤት መሥራትና ለ200 ሺህ ሰዎች ሥራ መፍጠር ነበር፤ እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በመላ አገሪቱ የተሠሩት ግን 171 ሺህ ያህል ናቸው። ከግቡ ግማሽ እንኳ ባይደርስም፣ ከዚያ በፊት በአገሪቱ ታሪክ ማንም መንግሥት ያልሞከረው መጠን ነበርና ይህን አሳንሶ ማየት ፍትሐዊ አይሆንም። በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት የተደራጁ ወጣቶች ብሎኬት አመረቱ፣ በርና መስኮት በየዱ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ ዘረጉ፤ የከተማዋ የግንባታ ባለሙያ ትውልድ በከፊል በእነዚህ ሳይቶች ላይ የተማረ ነው።

የፕሮግራሙ የገንዘብ አሠራር በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ክፍል ነው። የከተማው አስተዳደር መሬቱን በነፃ ያቀርባል፤ ቦንድ አውጥቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የግንባታ ገንዘብ ይበደራል፤ ቤቱ ሲያልቅ ዕጣ የደረሰው ሰው ከዋጋው 20 በመቶ ከኪሱ ሲከፍል ባንኩ ቀሪውን 80 በመቶ በረጅም ጊዜ ብድር ይሸፍንለታል፣ ብድሩም ወደ ባለዕጣው ይተላለፋል። ትንሿ ስቱዲዮ ከተሠራችበት ወጪ ባነሰ ዋጋ፣ ባለ ሦስት መኝታው ከወጪው ባለፈ ዋጋ ይሸጣል፤ ምድር ቤት ያሉ የንግድ ክፍሎች ደግሞ በጨረታ ተሸጠው ጉድለቱን ይደፍናሉ። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች መመደቡም ቤተሰብ ብቻቸውን ለሚያስተዳድሩ እናቶች የተከፈተ እውነተኛ በር ነበር። አሠራሩ በብልሃት የተቀመረ ቢሆንም በአንድ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም የቤት ችግር ያለበት ሰው ሁሉ ቅድመ ክፍያ ሊያጠራቅም፣ ከዚያም በየወሩ ሳያዛንፍ ለባንክ ሊከፍል ይችላል የሚለው ነው። የቀን ገቢው ዛሬ ተገኝቶ ነገ ለሚጠፋ ሰው፣ የዋጋው ድጎማ ምንም ያህል ቢሆን ይህ ግምት አይሠራም።

በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው ሁለተኛ ምዝገባ ይህ ጉድለት በቁጥር ታየ። ተመዝጋቢው እንደ ገቢው በሦስት ተከፈለ፦ 10 በመቶ ቆጥቦ 90 በመቶ የሚበደረው ዝቅተኛ ገቢ ያለው፣ የቀድሞው 20/80፣ እንዲሁም 40 በመቶውን ራሱ የሚሸፍነውና በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ክፍት የነበረው 40/60 ናቸው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በየባንኩ ቅርንጫፍ ተሰልፎ ሲመዘገብ፣ ለከተማዋ ድሆች በታሰበው የ10/90 መርሐ ግብር የገቡት ግን ጥቂት አሥር ሺዎች ብቻ ነበሩ። ድሃው በአዲስ አበባ ጥቂት ስለሆነ አይደለም፤ በየወሩ ሳያቋርጥ መቆጠብ የሚለው ግዴታ ገና ከመነሻው ስላስቀረው ነው። በሌላው ጫፍ፣ በ2009 ዓ.ም. በሰንጋ ተራና በክራውን ሳይቶች የተጠናቀቁት የመጀመሪያዎቹ 972 የ40/60 ቤቶች ሲተላለፉ ሙሉውን ዋጋ አስቀድመው ለከፈሉ ቅድሚያ ተሰጠ፤ ገንዘብ ያለው ወረፋውን ቀደመ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ዓመታት የመጠበቅ ዓመታት ሆኑ። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲያሻቅብ የቤቱ ዋጋ ከዙር ዙር ጨመረ፤ በየወሩ ለባንክ የሚገባው ቁጠባ ደግሞ በዋጋ ግሽበት እየተሸረሸረ ሄደ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. 51,229 ቤቶች በዕጣ ሲወጡ ከፊሎቹ ከኦሮሚያ ክልል ጋር በሚዋሰነው ኮዬ ፈጬ ላይ የተሠሩ በመሆናቸው በክልሉ ከተሞች ሰፊ ተቃውሞ ተነሣ፣ ርክክቡም ተስተጓጎለ። ክርክሩ በፖለቲካ ቋንቋ ቢካሄድም ከሥሩ ያለው ጥያቄ የቤት ፖሊሲው ራሱ ያመጣው ነበር፦ የከተማው አስተዳደር በነፃ አቀረብኩት ያለው መሬት ለአርሶ አደሩ ነፃ አልነበረም፤ በአነስተኛ ካሳ ከማሳው የተነሣ ቤተሰብ የኮንዶሚኒየሙን እውነተኛ ዋጋ በከፊል ከፍሎታል። በአሠራሩ ላይ የነበረው እምነትም ተሸረሸረ። በ2013 ዓ.ም. አስተዳደሩ ራሱ ባቀረበው ጥናት ከ21 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በሕገ ወጥ መንገድ ተይዘው መገኘታቸው ተገለጸ፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ደግሞ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ በቀናት ውስጥ ተሰረዘና ከወራት በኋላ እንደገና ወጣ። ለዓመታት ከጉሮሮው ነጥቆ ለቆጠበ ሰው ይህ ተራ የአስተዳደር ስሕተት ሊሆን አይችልም።

ዕጣ የደረሰውስ ምን አገኘ? ቤት በዕጣ መከፋፈሉ ባለዕጣውንና ዕጣ ያልወጣለትን በትክክል ለማወዳደር ስለሚያስችል ተመራማሪዎች ጉዳዩን ደጋግመው አጥንተውታል። የተገኘው ውጤት ድርብ ነው፤ ወደ ጋራ ሕንፃው የገቡ ሰዎች የመኖሪያቸው ጥራት በእርግጥ ተሻሽሏል፣ ገቢያቸው ግን አልጨመረም፣ ማኅበራዊ ትስስራቸውም ሳስቷል። ብዙዎች ደግሞ ከነጭራሹ አልገቡበትም። የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ከመርካቶም ከፒያሳም ሩቅ ናቸው፤ በታክሲና በአውቶቡስ ደርሶ መልስ የሚያወጣው ገንዘብና ሰዓት የድሃውን ቀን ይበላል። ስለዚህ ባለዕጣው ቤቱን አከራይቶ በኪራዩ የባንክ ዕዳውን ይከፍላል፣ ራሱ ግን ረከስ ባለ ኪራይ ወደ ቀድሞ መንደሩ ተጠግቶ ይኖራል። ይህ የባለዕጣውን ሀብት ያሳድጋል፣ በዚህም ሊነቀፍ አይገባም፤ ነገር ግን በድጎማ የተሠራው ቤት ኪራይ በገበያ ዋጋ የሚተመን በመሆኑ ድጎማው ከአንድ ቤተሰብ አልፎ ወደ ተከራዩ አይደርስም። በአጭሩ፣ ከሁለት መቶ ሺህ የሚልቁ ቤቶች የሠራችው ከተማ ከእነዚህ ውስጥ በተመጣጣኝ ኪራይ የምታከራያቸው ብላ በቋሚነት የያዘቻቸው እጅግ ጥቂት ናቸው።

በዚሁ ጊዜ የነበረው የኪራይ ክምችት መፍረስ ጀምሯል። ከ2001 ዓ.ም. በኋላ በልደታ የተካሄደው የመሀል ከተማ መልሶ ማልማት የቀበሌ ተከራዮችን ወይ ኮንዶሚኒየም እንዲገዙ ወይ ሌላ የቀበሌ ቤት እንዲወስዱ አስመረጣቸው፤ ቅድመ ክፍያ ያጡት ሁለተኛውን ለመምረጥ ተገደዱ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት፣ ማለትም ዋና ዋና መንገዶችንና ግራ ቀኛቸውን እያፈረሱ እንደ አዲስ የመገንባት ሥራ፣ ዶሮ ማነቂያን፣ የፒያሳን አካባቢና ካዛንቺስን በጥቂት ወራት ውስጥ ለወጠ። ከካዛንቺስ የተነሡት ብዙዎቹ ገላን ጉራ ሰፍረዋል። የቀበሌ ተከራይ ምትክ ቤት ሲሰጠው፣ ባለይዞታውም በሕግ ካሳ ሲከፈለው፣ በስሙ ውል የሌለው ደባል ግን በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። የዕድሩ አባላት በአራት አቅጣጫ ተበትነው ቀብር ለመድረስ ከከተማ ጫፍ ወደ ከተማ ጫፍ የሚጓዙበት ሁኔታ ተፈጥሯል፤ ዕድር ደግሞ ለድሃው የኀዘን ደራሽ ብቻ ሳይሆን ኢንሹራንሱም ጭምር ነው።

የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከቀዘቀዘ ወዲህ የቀረቡት አማራጮች ይበልጥ ወደ ላይኛው ገቢ ያዘነበሉ ናቸው። ተመዝጋቢዎች በማኅበር ተደራጅተው እንዲሠሩ ሲፈቀድ ከግንባታው ወጪ 70 በመቶውን በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጡ ተጠየቁ። የመጀመሪያው የግል የቤት ብድር ባንክ ጎህ ቤቶች ባንክ በ2014 ዓ.ም. ገደማ ሥራ መጀመሩ መልካም ቢሆንም፣ በዛሬው ወለድ ብድሩን መሸከም የሚችለው ጥሩ ቋሚ ደመወዝ ያለው ነው። ከግል አልሚዎች ጋር በሽርክና የሚሠሩት ቤቶችም ዋጋቸው በገበያ የሚወሰን ነው።

ለተከራዩ በቀጥታ የተጻፈው የመጀመሪያው ከባድ ሕግ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ከዚያ በፊት ከተማው ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየጥቂት ወራቱ በሚያድሰው ደንብ ኪራይ መጨመርንና ተከራይ ማስወጣትን ሲከለክል ቆይቶ ነበር። አዲሱ አዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጎ፣ የዓመት ጭማሪውን የመወሰን ሥልጣን ለተቆጣጣሪው አካል ሰጥቷል። ደላላ በፈለገ ጊዜ ተከራዩን ያስነሣ በነበረበት ከተማ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ጉድለቱ ግን አቅርቦትን አለመጨመሩ ነው፤ ጭማሪ የተከለከለበት አከራይ ለአዲስ ተከራይ ከፍ አድርጎ መነሻውን ሊተምን ወይም ከጀርባ በሌላ ስምምነት ሊያስከፍል ይችላል፣ ቤት ያጣ ሰውም እሺ ከማለት በቀር ምርጫ የለውም። ሕጉ ሊሠራ የሚችለው ከተማው ራሱ የሚያከራያቸው በርካታ ቤቶች ሲኖሩትና ተከራዩ እምቢ ብሎ የሚሄድበት ቦታ ሲያገኝ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሬት በእጅ አለ። በኮሪደር ልማቱና በመልሶ ማልማቱ የተጸዱት የመሀል ከተማ ቦታዎች የመንግሥት ናቸው፤ ከእነርሱ የተወሰነ ድርሻ በጨረታ ከመውጣቱ በፊት ለማይሸጥ፣ ኪራዩ ለእድሳቱ በሚበቃ መጠን ለሚተመን የሕዝብ ኪራይ ቤት ቢከለል፣ ለቀበሌ ቤት ውድቀት ምክንያት የሆነው የቀዘቀዘ ኪራይም የኮንዶሚኒየሙ ቅድመ ክፍያም አይደገምም። አሁን በየወረዳው እየተመዘገበ ያለው የኪራይ ውል ደግሞ ማን የት፣ በስንት እንደሚኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ለከተማው ያሳያል። ኪራዩ ከገቢው ጋር ያልተመጣጠነው ቤተሰብ የትኛው እንደሆነ፣ ደባሉም በየትኛው ቤት እንዳለ ከዚህ መዝገብ ማወቅ የሚቻል ሲሆን፣ እስካሁን ግን መዝገቡ የተፈለገው በዋናነት የአከራዩን ግብር ለማስላትና ጭማሪውን ለመቆጣጠር ነው።