ባሕርን የማያዩ የአርሲ ውኆች

ከሁሩታ ከተማ ወደ ደቡብ ዐይኑን ያነሣ መንገደኛ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመውን ጭላሎን ሲመለከት፣ በዚያ ራስ ላይ የሚወርደው ዝናም ሁሉ ወደ አንድ ወገን የሚፈስ ይመስለው ይሆናል። ተራራው ግን እንደ ቤት ክዳን ውኃውን ለሁለት ይከፍላል፤ ወደ ሁሩታ የዞረው የሰሜኑ ገጽ ድርሻውን ለቀለታ ወንዝ፣ ቀለታም ለአዋሽ ሲያስረክብ፣ የምዕራቡ ገጽ ለካታር ይሰጣል። አዋሽም ካታርም ውቅያኖስን አያዩም፤ አዋሽ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ሲያልቅ፣ ካታር ከስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ በዝዋይ ያርፋል። (ከእነዚያው ከአርሲና ከባሌ ደጋዎች በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ዋቢ ሸበሌ እንኳ ሕንድ ውቅያኖስ አጠገብ ደርሶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሶማሊያ ረግረግ ውስጥ ይቀራል።)

ካታር ከጭላሎ፣ ከገላማና ከካካ ተራሮች የተቀበለውን የክረምት ጎርፍ፣ የደጋውን አፈር ጭምር ተሸክሞ፣ 1,636 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ሐይቅ ሲገባ፣ ከጉራጌ ተራሮች የሚመጣው መቂ ደግሞ ከወዲያኛው ዳር ይገናኘዋል። ዝዋይ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም። በደሴቶቹ ላይ ዛዮች ይኖራሉ፤ በቱሉ ጉዶም የጽዮን ማርያም ገዳም አለ። የአበው ትውፊት እንደሚለው፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ተሰደዱ፤ ታሪኩን እንደ ትውፊት ብንቀበለውም፣ በደሴቲቱ ተጠብቀው የኖሩት የብራና መጻሕፍት ግን ለዐይን የሚታዩ ምስክሮች ናቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ዝዋይ መውጫ እንደሌላቸው ሐይቆች ሁሉ ስለ ምን ጨው እንዳልሆነ ነው። ምክንያቱ ቡልቡላ ነው፤ ይህ ወንዝ ከሐይቁ የተረፈውን ውኃ፣ ከእርሱም ጋር የሟሟውን ጨው፣ ወደ ዝቅተኛው ወደ አብጃታ ያወርዳል። አብጃታ ግን የሚያስረክብለት ሌላ ሐይቅ የለውም፤ ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል። በጥንት ዘመን፣ አየሩ እርጥብ በነበረ ጊዜ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ሆነው ትርፋቸውን ወደ አዋሽ ያፈስሱ ነበርና፣ ጭላሎ የለያያቸው ሁለቱ ውኆች በዚያ ዘመን ከታች ተመልሰው ይገናኙ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ በካታርና በዝዋይ ዳር የመስኖ ሞተር በዝቷል፣ የአትክልትና የአበባ እርሻም ተስፋፍቷል፤ ከላይ የተቀዳው ሁሉ ከቡልቡላ ድርሻ ይቀነሳል። ከአብጃታ ራሱም የሶዳ ፋብሪካ ውኃ ሲስብ ኖሯል። በእኔ አስተያየት ዕዳው ሁሉ የወደቀው በመጨረሻው ሐይቅ ላይ ነው፤ አብጃታ ከዳሩ እጅግ ሸሽቷል፣ ጨውነቱ በርትቶ ዓሣው ስለ ጠፋም፣ በሻላ ደሴት የሚፈለፍሉት ይብራዎች ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ድረስ መብረር ግድ ሆኖባቸዋል።