የጳጉሜን ስሕተት፦ በፍተሻ ወቅት የሚሰናከል ዳታቤዝ መንስኤው እንዴት ይገኛል?



የዛሬው ገለጻ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ኮዱ ሳይነካ ትናንት ያለፈ ፍተሻ ዛሬ ቢወድቅ፣ መንስኤውን የት እንፈልጋለን? ጥያቄውን ከአገራችን የዘመን አቆጣጠር ጋር በተያያዘ ምሳሌ አስረዳለሁ።

በየካ ክፍለ ከተማ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ በድር መተግበሪያ ይመዘግባል እንበል። መተግበሪያው የተሠራው ጃንጎ በተባለው ፍሬምወርክ ነው። ባለሙያዋ የምትጽፈው የኢትዮጵያ ቀን፣ ዓመቱ፣ ወሩና ዕለቱ በቁጥር ተደርድረው፣ ምንም ሳይለወጥ በኤስኪውኤል ትእዛዝ ወደ ዳታቤዙ ይገባል። ፍተሻው የዕለቱን ቀን የልደት ቀን አድርጎ ይመዘግብና መልሶ ያነባል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ላይ ፍተሻው ወደቀ።

የመጀመሪያው እርምጃ የስሕተት መልእክቱን በጥንቃቄ ማንበብ ነው። በስተመጨረሻ የሚታየው መልእክት ግብይቱ፣ ማለትም ትራንዛክሽኑ፣ ስለተቋረጠ ትእዛዙ እንደማይፈጸም ይናገራል። ይህ ግን ውጤት እንጂ መንስኤ አይደለም። ጃንጎ እያንዳንዱን ፍተሻ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ያካሂዳል፤ ሲያበቃም የተጻፈውን ሁሉ ይሰርዛል። ፖስትግሬስ ደግሞ በትራንዛክሽኑ ውስጥ አንድ ስሕተት ካጋጠመው፣ ትራንዛክሽኑ እስኪሰረዝ ድረስ ተከታዮቹን ትእዛዞች አይቀበልም። ስለዚህ ኮዱ የመጀመሪያውን ስሕተት በዝምታ ካለፈው፣ ጩኸቱ የሚሰማው ጥፋት ከሌለበት ትእዛዝ ነው። የዳታቤዙን መዝገብ ወደ ኋላ ስናነብ እውነተኛው መነሻ ይገኛል። ፖስትግሬስ 13ኛ ወር አያውቅም።

ሁለተኛው እርምጃ ፍተሻው በሌላ ስፍራ ለምን እንዳለፈ መጠየቅ ነው። በፕሮግራም አዘጋጁ ላፕቶፕ ላይ ያለው ዳታቤዝ ኤስኪውላይት ከሆነ፣ በዚያው ዕለት ሊያልፍ ይችላል። ኤስኪውላይት ለቀን የተለየ የዳታ ዓይነት ስለሌለው፣ የተሰጠውን እንደ ጽሑፍ ያስቀምጣል። ፍተሻ የሚካሄድበት ዳታቤዝ አገልግሎት ከሚሰጠው ዳታቤዝ ጋር አንድ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ የችግሩን ወሰን መለየት ነው። የተለወጠው ኮዱ ሳይሆን ቀኑ ስለሆነ፣ የፍተሻውን ሰዓት በእጃችን አድርገን የ2015ን 366 ዕለታት አንድ በአንድ እንሞክራለን። የሚወድቁት 8 ናቸው። ስድስቱ የጳጉሜን ዕለታት ሲሆኑ፣ የቀሩት ሁለቱ ጥቅምት 29 እና 30 ናቸው። ጥቅምት 2ኛ ወር ስለሆነ ዳታቤዙ ፌብሩዋሪ አድርጎ ያነበዋል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ በዚያ ዓመት ቁጥር 28 ቀን ብቻ አለው። ጳጉሜንን ብቻ የጠረጠረ ሰው እነዚህን ሁለቱን አያገኛቸውም ነበር።

እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ሊመስል ይችላል። ይበልጥ የሚያሳስቡት ግን የወደቁት 8 ዕለታት ሳይሆኑ ያለፉት 358 ናቸው። ዳታቤዙ የተቀበላቸው ትክክል ስለሆኑ አይደለም፤ የሌላ አቆጣጠር ቀን መስለውት ነው። የመጀመሪያው የፔንታ ክትባት የሚሰጠው ሕፃኑ 6 ሳምንት ሲሞላው፣ ማለትም በ42ኛው ቀን ነው። መስከረም 20 ቀን 2017 ለተወለደች ሕፃን ትክክለኛው ቀጠሮ ኅዳር 2 ሲሆን ዳታቤዙ ኅዳር 3 ይላል። ነሐሴ 20 ቀን 2016 ለተወለደ ሕፃን ትክክለኛው ቀጠሮ መስከረም 27 ቀን 2017 ነው፤ ዳታቤዙ የሚሰጠው ግን መስከረም 31 ነው። እንዲህ ያለ ቀን በአቆጣጠራችን የለም። እናቲቱ በየትኛው ዕለት ትምጣ? በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የስሕተት መልእክት አይወጣም።

መፍትሔው ጳጉሜንን በልዩ ሁኔታ ማሳለፍ አይደለም፤ እንዲያ ማድረግ ጩኸቱን አፍኖ ስሕተቱን ማቆየት ነው። ከየካ ቀና ብለን ወደ እንጦጦ ብንመለከት፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የሥነ ፈለክ ማዕከል አለ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ዕለታትን ያለ ወርና ያለ ዓመት፣ ሳያቋርጡ የሚቆጥሩበት የጁሊያን ዕለት ቁጥር የሚባል ዘዴ አላቸው። በዚህ ቁጥር መስከረም 1 ቀን 2016 ዕለት 2,460,200 ነው። ነሐሴ 20 ቀን 2016 ደግሞ 2,460,549 ነው፤ 42 ሲደመርበት 2,460,591 ይሆናል፤ ይህም በትክክል መስከረም 27 ቀን 2017 ነው። ፖስትግሬስም በውስጡ ቀንን የሚያስቀምጠው በዕለታት ቁጥር ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያው ቀን ሲገባ ወደ ዕለት ቁጥር ወይም ወደ ጎርጎርዮስ ቀን ይለወጥ፤ ስሌቱ በዚያ ይሠራ፤ ለባለሙያዋ ሲታይ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመለስ።

ፍተሻውም በዛሬ ቀን ላይ መመሥረት የለበትም። ባሕረ ሐሳብ ዘመናትን በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ እንደሚያፈራርቅ ሁሉ፣ ፍተሻችንም የአራቱን ዓመታት 1,461 ዕለታት በሙሉ ይሸፍን። በዘመነ ሉቃስ የምትመጣው ጳጉሜን 6 ያን ጊዜ እንግዳ አትሆንብንም።